ሽማግሌውን ያስከፋቸው የውሾቹ ነገር ሳይሆን ውሸቴ ነበር

በዚህ ገጽ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የትዳር፣ የፍቅርና የጤና ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ። የእኔ ግን የውሻ ጉዳይ ነው። «ውሻ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ጋዜጣ ላይ ይወጣል?» የሚል ካለ አልቀየመውም። እኔም እስከ 2017 ዓ.ም. ጥር ወር ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው። ያን ሰሞን የደረሰብኝን፣ ይልቁንም እኔው ያደረስኩትን ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ፍረዱኝ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ነው። እንጀራዬ ሹፍርና ነው። አንድ ደብል ጋቢና ፒክ አፕና አንድ ዝግ ተሳቢ አለኝ። ሲሞቅ የቤት ዕቃ እጭናለሁ። ብርዱ ሲገባ ደግሞ (እዚህ አገር ብርዱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው) ስኖውሞቢል አመላልሳለሁ። ስኖውሞቢል ማለት በበረዶ ላይ የምትሄድ ሞተር ናት። ከፊት በጎማ ፈንታ ሁለት መንሸራተቻ አላት፤ ከኋላ ደግሞ እንደ ዶዘር የሚዞር ሰፊ የላስቲክ ሰንሰለት። አንዷ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ትመዝናለች። ሚኒሶታ የእነዚህ ማሽኖች አገር ነው። ፖላሪስ የተባለው ስመ ጥር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው በዚሁ ግዛት፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ ባለችው ሮዞ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሰዉ በበረዶ ወራት ማሽኑን ጭኖ ወደ ተራራማው ሞንታና ግዛት ይሄዳል። ራሱ መንዳት የማይፈልገው ወይም የማይችለው እኔን ይጠራል።

የዚያን ጊዜ የጠሩኝ አንድ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ነበሩ። አራት ስኖውሞቢል ሞንታና ውስጥ ዌስት የሎውስቶን ወደምትባል ከተማ እንዳደርስላቸው ፈለጉ። ከሚኒያፖሊስ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው እዚያ ሊሰባሰቡ ነው። እሳቸው ዓይናቸው ስለደከመ በአውሮፕላን ሊሄዱ ነው። ዋጋ ተስማማን። ከዚያ ትንሽ አመነቱና «ሁለት ውሾች አሉኝ። አብረውህ ቢሄዱስ?» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ እምቢ ልል ነበር። ነገር ግን በእጥፍ ሊጠጋ የሚችል ክፍያ ጨመሩ። ብር ሲጠራ ማን ዝም ይላል?

መቻልና ቡቺ

ከውሻ ጋር ያለኝ ጠብ የቆየ ነው። አዲስ አበባ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ዳቦ ልገዛ ስወጣ የሰፈር ውሻ ባቴን ዘነጠለኝ። ውሻው አብዷል ተባለና አባቴ እጄን ይዞ ፓስተር ወሰደኝ። ያኔ የእብድ ውሻ መርፌ አሥራ አራት ነበር፤ በየቀኑ አንድ፣ እሱም ሆድ ላይ። የእኔ ዘመን ልጆች የምለውን ያውቁታል። ከዚያ ወዲህ ውሻ ሲጮህ ባቴን ሳይሆን ሆዴን ነው የሚያመኝ።

አስተዳደጋችንም አለ። በእኛ ቤት ውሻ አጥር ጠባቂ እንጂ ቤት ገብቶ የሚተኛ አልነበረም። ፍርፋሪ ይጣልለታል፣ ሌባ ይጮህበታል፤ አለቀ። እዚህ አገር ውሻ አልጋ ላይ ሲተኛ፣ ሹራብ ለብሶ ሲዞር፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲያዝለት ሳይ ከጓደኞቼ ጋር ስንት ጊዜ ስቀናል!

ለማንኛውም ልጭን ስሄድ ሁለቱን አየኋቸው። አንዱ ጥቁር፣ አፉ ዙሪያ የሸበተ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላው ላብራዶር ነው። ሁለተኛዋ ተኩላ የምትመስል፣ ሰማያዊ ዓይን ያላት ሃስኪ ናት። የፈረንጅ ስማቸው አፌ ላይ አልገባልህ ስላለኝ ሽማግሌውን መቻል፣ ሴቷን ቡቺ አልኳቸው። እነሱም ሲጠሩ ይመጣሉ፤ ውሻ ስሙን ሳይሆን ድምፁን ነው የሚሰማ።

ሽማግሌው ማሽኖቹን ስንጭን ከሁሉም አሮጌዋን ቢጫ ማሽን መታ መታ አድርገው አንድ ታሪክ ነገሩኝ። ስኪዱ የተባለችውን ስኖውሞቢል ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ ቦምባርዲየር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ሲያወጣት ሊሰጣት ያሰበው ስም «ስኪ ዶግ» ነበር፤ ዶግ ማለት ውሻ ነው። የውሻ ጋሪን እንድትተካ ነበራ የተሠራችው! በጽሑፍ ስሕተት «ስኪ ዱ» ሆና ቀረች ይባላል። እውነትም ተካችው። በሰሜኑ በረዷማ አገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎታች ውሾች ሥራ ፈቱ። ጆ ሬዲንግተን የተባለው የአላስካ ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 ኢዲታሮድ የተባለውን ረጅም የውሻ ጋሪ ውድድር ያስጀመረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ማሽኑ ውሻውን ጨርሶ እንዳያስረሳው።

ሽማግሌው ቡቺን ጆሮዋ ሥር እያከኩ «የእሷ አያቶች ይጎትቱ ነበር። አሁን እሷ ማሽኑን ተከትላ ትሳፈራለች» አሉና ሳቁ። ቀጥለው ሳቃቸውን አቋረጡ። «ውሾቹ የሚስቴ ነበሩ። ከእሷ የቀሩኝ እነሱ ናቸው። ከኋላ ወንበር አይወርዱም፣ ተስማማን?» አሉኝ።

«ተስማማን» አልኩ። አፌ ነው ያለው።

ለጥምቀት የታጠበ መኪና

የተነሳሁት የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መኪናው በዋዜማው ለጥምቀት ታጥቦ፣ ወንበሩ ተወልውሎ፣ ቤተሰቤን ቤተ ክርስቲያን አድርሶ የተመለሰ ነው። ባለቤቴ ከመኝታዋ ተነስታ ስታየኝ «አንተ ሰውዬ፣ እሁድ ነጠላዬን ለብሼ የውሻ ፀጉር ላይ እንዳታስቀምጠኝ!» አለችኝ። እኔም «አታስቢ፣ እንደነበረ ነው የምመልሰው» አልኳት። ለሁለት ሰው ሁለት ቃል ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ደግሞ አብረው አይሄዱም።

እስከ ፋርጎ ድረስ ሰላም ነበር። ሰሜን ዳኮታ ገባን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ነፋሱ የሚያቆመው ዛፍ እንኳ የለም። ጄምስታውን ልንደርስ ስንል መቻል ማቃሰት ጀመረ። «ምን ሆንክ?» ስል ወንበሩ ላይ አስታወከው። ከወንበሩ ወደ ምንጣፉ ወረደ። ቡቺ ደግሞ ደንግጣ እላዩ ላይ ተራመደችበት። ሽታው!

ማደያ ገባሁ። በወረቀት ጠራረግሁ። እጄ በብርድ ደነዘዘ፤ ንዴቴ ግን ጋለ። «ይሄ መኪና እኮ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደን ነው!» እያልኩ ብቻዬን አወራለሁ። በዚህ መሃል ዓይኔ ተሳቢው ላይ አረፈ። ሽማግሌው ውሾቹ ሆቴል የሚያድሩባቸው ሁለት የሽቦ ሳጥኖች ሰጥተውኝ ከተሳቢው ፊት ለፊት ጥግ አስቀምጫቸዋለሁ። ዝግ ነው፣ ነፋስ የለውም፣ ብርድ ልብስም አለ። ሃስኪ ደግሞ የበረዶ ውሻ አይደለች? «እስከ ቢስማርክ ብቻ። ወንበሩ እስኪደርቅ» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ራሱን ለማታለል ብዙ ምስክር አያስፈልገውም።

ሁለቱንም አስገብቼ በሩን ቆለፍኩ። መቻል በሩ ሲዘጋ አልጮኸም። ዝም ብሎ አየኝ።

ቢስማርክ ላይ

ከጄምስታውን ቢስማርክ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው። በነፋሱ ምክንያት ቀስ እያልኩ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ደረስኩ። ውጭው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ነበር። በሩን ስከፍት መጀመሪያ የመጣብኝ የቤንዚን ሽታ ነው። ከማሽኖቹ የአንዷ የኋላ ማሰሪያ ላልቶ ማሽኗ ወደ ጎን ሄዳለች። ጥግ ያስቀመጥኩት መጠባበቂያ ጀሪካን ተደፍቷል። ቤንዚኑ ወለሉን ይዞ እስከ ሳጥኖቹ ወርዷል።

ቡቺ እየተንቀጠቀጠች ቆማለች። መቻል ግን ተኝቷል። ጠራሁት። ጅራቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነቅነቅ አደረገ። ሆዱና የኋላ እግሮቹ በቤንዚን ርሰዋል።

ውድ አንባብያን፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን በቃል መግለጽ አልችልም። ያ የስምንት ዓመት ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። 35 ኪሎ የሚሆን ውሻ አቅፌ፣ ቤንዚኑ ልብሴን እያረሰው፣ ወደ ጋቢናው ሮጥኩ። ያ ለጥምቀት የታጠበ ወንበር አንድም አልታየኝ። ማደያ ውስጥ ያለችውን ገንዘብ ተቀባይ «የእንስሳት ሐኪም የት ነው?» ብዬ ስጮህ እንደ እብድ ሳላስመስል አልቀረሁም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሙቀቱን ለካች። የጤነኛ ውሻ ሙቀት 38 ከፍ ሲልም 39 ዲግሪ ነው፤ የመቻል 35 ወርዶ ነበር። በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ደጋግማ አጠበችው፤ አደረቀችው፤ በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። «እንዳይልሰው ነው ዋናው» አለችኝ። እኔ ከዚያ በፊት መርዝ የበላ እንስሳ ማስታወክ አለበት ብዬ ነበር የማውቀው። ቤንዚን የዋጠን ውሻ ግን ማስታወክ ክልክል ነው፤ ሲወጣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የቀዘቀዘን ጆሮና ጅራትም ማሸት ጉዳት ነው፤ ቀስ ብሎ ማሞቅ ነው መፍትሔው።

ሦስት ሰዓት ያህል ቆየን። መቻል ራሱን ቀና አድርጎ ውሃ ጠጣ። ሐኪሟ ጽሑፏን እየጻፈች ቀና ሳትል «የት ነበር የተሳፈረው?» አለችኝ። «ተሳቢው ውስጥ» አልኳት። ሌላ ምንም አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስልኩ

ለሽማግሌው መደወል ነበረብኝ፤ ውሻው የእሳቸው ነው። ስልኩን ይዤ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። እውነቱን ብናገር ሥራው ይቀራል፣ ስሜ ይጠፋል፣ «ቃልህ የት አለ?» እባላለሁ። ደወልኩ። «መቻል መንገድ ላይ አሞት ሐኪም ጋ ወሰድኩት፤ አሁን ደህና ነው» አልኩ። «ምን ነካው?» አሉኝ። እኔም «ማደያ ስንቆም መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር የነካው ይመስለኛል» አልኩ።

ሽማግሌው ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሚስቴ ብትኖር ኖሮ አንተን ታመሰግን ነበር። እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉኝ።

የእብድ ውሻ አሥራ አራቱ መርፌ እንደዚያ አላመመኝም።

በጋቢናው አንድ ሌሊት

ዲክንሰን የምትባል ከተማ ስደርስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኗል። ነፋሱ በረዶውን እያነሳ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ የፊት መብራቴ ነጭ ግድግዳ እንጂ ሌላ አያሳየኝም። የጠየቅኋቸው ሆቴሎች ውሻ አንቀበልም አሉኝ። የጭነት መኪኖች ማደሪያ ገብቼ ጋቢናው ውስጥ ለማደር ወሰንኩ።

ሞተር ሳይጠፋ ነው የሚታደረው፤ ካጠፉት በረዶ ሆኖ ማደር ነው። ግን አንድ አደጋ አለ። በረዶ ማርሚታውን ከደፈነው ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ሽታ የሌለው መርዝ ነው፣ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ስለዚህ በየሰዓቱ እየወረድኩ በአካፋ እጠርጋለሁ፣ መስኮቱን ጣት የምታህል እከፍታለሁ።

አንድ ጊዜ ጠርጌ ስመለስ መቻል ከኋላ ወንበር ተንጠራርቶ ወደ ፊት መጥቶ ቦታዬ ላይ ተኝቷል። «ውረድ» ልለው ብዬ አልቻልኩም። ጠጋ አደረግሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ራሱን ጭኔ ላይ ጣለው። የሳሙናና የቤንዚን ሽታ አለው። ከጥቂት ሰዓታት በፊት ጨለማ ውስጥ ቆልፌበት የሄድኩትን ሰው፣ ማለት እኔን፣ እንደ ትራስ ተንተርሶ አንኮራፋ። ቡቺ ግን ከኋላ ሆና እስኪነጋ ዓይኗን አልከደነችም። ያቀረብኩላትን ምግብም አልቀመሰችም። እሷ ገና ይቅር አላለችኝም።

ስንቴ «ውሻ» ብለን ሰው ሰድበናል? እኔ እንኳን መንገድ ላይ ለሚቀድመኝ ሹፌር ሁሉ ስንቴ ብያለሁ። ያን ሌሊት ስድቡ ለየትኛችን እንደሚገባ ሳስብ አደርኩ።

«የምትነግረኝ ነገር አለ?»

በማግስቱ ነፋሱ ወደቀ። ቢሊንግስን፣ ቦዝማንን አልፈን በጋላቲን ሸለቆ ወጣን። ግራና ቀኙ ተራራና ጥድ ነው። ዌስት የሎውስቶን ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከፍታዋ እንኳ ከአዲስ አበባ የሚያንስ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1872 የተከለለውና በዓለም የመጀመሪያ የሚባለው የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ነው የተቀመጠችው። በዚያ ሸለቆ ስወጣ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር፤ «አባት፣ በድያለሁ» ብዬ ልጀምር።

ሽማግሌው ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ውሾቹ በሩን ስከፍትላቸው ተወርውረው ጉልበታቸው ላይ ተጠመጠሙ። የልጅ ልጆቻቸው ተንጫጩ። እኔ ያዘጋጀሁት ንግግር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ማሽኖቹን ማውረድ ጀመርኩ።

አውርደን ስንጨርስ ቼኩን አወጡና ሳይሰጡኝ ያዙት። «የምትነግረኝ ነገር አለ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከትውከቱ እስከ ጀሪካኑ። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ትናንት ማታ ነው ያወቅሁት። ሐኪሟ ወረቀቱን ላከችልኝ፤ ውሻው በስሜ ነው የተመዘገበው» አሉ። ቀጥለው «ተሳቢው ውስጥ ማስገባትህ አለማወቅ ነው እንበል። ሰው ይሳሳታል። እኔ ግን በስልክ መርቄህ ነበር። ምርቃቴን በውሸት ነው የወሰድከው» አሉኝ።

ቼኩን ሳይቀንሱ ሙሉውን ሰጡኝ። እጅ ግን አልጨበጡኝም። እኔም የሐኪሙን ወጪ ልክፈል ብዬ ብለምን በእጃቸው ምልክት «ሂድ» አሉኝ።

ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት። ስለ ወንበሩ አንድ ቃል አልተናገረችም። «ለእኔ ነጠላ ብለህ ነው እንዴ?» ብላ ብቻ ዝም አለች። ለንስሐ አባቴም ነገርኩ። «አባ፣ በውሻ ንስሐ ይገባል?» ስላቸው ፈገግ አሉና «ልጄ፣ ነዌ ባለጸጋው አልዓዛርን ደጁ ላይ ሲንቀው ቁስሉን የላሱለት እነማን ነበሩ?» አሉኝ። «ውሾች» አልኩ። «እንግዲያው ከነዌ ወገን አትሁን» አሉኝ። ስለ ውሸቱ የሰጡኝን ቀኖና ግን እዚህ አልጽፈውም።

ለምትጓዙ ሁሉ

አሜሪካም ካናዳም ያላችሁ፣ የራሳችሁንም ሆነ የሰው ውሻ ይዛችሁ ጭነት የምትጎትቱ ወገኖቼ፣ በእኔ የደረሰው በእናንተ እንዳይደርስ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፦ ውሻ ከሰው ጋር ነው የሚሳፈር። ማሽን ያለበት ዝግ ተሳቢ ውስጥ የቤንዚን ሽታ አለ፣ ብርድ አለ፣ የሚንሸራተት ዕቃ አለ፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን ውሻው ሲጨነቅ የሚያየው ሰው የለም። ጋቢና ውስጥም ቢሆን በኋላ ወንበር በቀበቶ ወይም በሳጥን ይያዝ፤ ፍሬን ሲያዝ እንዳይወረወር። ከፊት ኤርባግ አለ።

ሁለተኛ፦ የስኖውሞቢል መንሸራተቻዎች ከፊት በብረት ይያዙ፣ ከኋላም በማሰሪያ ይወጠሩ። የቤንዚን መዝጊያ ካላት ይዘጋ። ጀሪካን ከዝግ ተሳቢ ውጭ ታስሮ ይሂድ። እዚህ አገር ያለው የጭነት ደንብ ከተነሱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ፣ ከዚያም በየሦስት ሰዓቱ ወይም በየ240 ኪሎ ሜትሩ ማሰሪያ ይፈተሽ ይላል። እኔ ጄምስታውን ላይ በንዴት ሳልፈትሽ ተነሳሁ፤ ውጤቱን አያችሁት።

ሦስተኛ፦ መንገድ የሚያመው ውሻ ከመነሳቱ ሦስትና አራት ሰዓት በፊት ጀምሮ ባይበላ ይሻላል። ውሃ ግን አይከልከል። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ አውርዱት። ባለቤቱን «መኪና ያመዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅም አይከፋም፤ እኔ አልጠየቅሁም።

አራተኛ፦ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው የውሻ እግር ያቆስላል። በጣቶቹ መካከልም በረዶ ይጋገራል። ጋቢና ከመግባቱ በፊት በለብታ ውሃ አጥቦ ማድረቅ ነው።

አምስተኛ፦ የራዲያተር አንቲፍሪዝ መሬት ላይ ፈስሶ ካያችሁ ውሻውን አርቁ። አብዛኛው ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ጥቂቱ ኩላሊቱን አጥፍቶ ይገድለዋል። ከላሰ እስኪያመው አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው።

ስድስተኛ፦ የእብድ ውሻ ክትባት ወረቀት አይለያችሁ። ወደ ካናዳ ለምትሻገሩ የግድ ነው። ወደ አሜሪካ ለመመለስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ውሻው ስድስት ወር የሞላው፣ ከቆዳው ሥር መለያ ቺፕ የተደረገለት መሆን አለበት፤ በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽም አለ።

ሰባተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ጥፋት ከደረሰ፣ ስልኩን አንስታችሁ እውነቱን ተናገሩ። ማሰሪያ ሲላላ መልሶ ማጥበቅ ይቻላል። እምነት ሲላላ ግን የሚጠብቀው በስንት መከራ ነው።

ኅዳር ላይ

ሽማግሌውን ከዚያ ወዲያ አልጠብቃቸውም ነበር። 2018 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ ቀን ማታ ስልኬ ጮኸ፤ እሳቸው ናቸው። ሰላምታ እንኳ ሳያስረዝሙ «ጥቁሩ ውሻ በሐምሌ ሞተ» አሉኝ።

ልቤ ዝቅ አለ። «በእኔ ምክንያት ይሆን?» አልኩ። «አይደለም። እርጅና ነው። ሐኪሙንም ጠይቄያለሁ» አሉ። ትንሽ ዝም ተባባልን። «ዘንድሮ ማሽኖቹ ሦስት ናቸው። ውሻዋ አንድ ናት። ብዙ ሹፌር አለ፤ እኔ ግን ምን እንደሚያደርግ የማላውቀውን ሰው ከምቀጥር አንድ ጊዜ ተሳስቶ የተማረውን ብቀጥር ይሻለኛል» አሉኝ። ቀጥለውም «ከኋላ ወንበር አትወርድም» አሉ። እንደ አምናው «ተስማማን?» ብለው አልጠየቁኝም።

በመነሻዬ ሌሊት ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ነበር። መኪናው ጋ ስደርስ የኋላውን በር ከፍታ አንድ ነገር ታነጥፋለች። አሮጌ ጋቢዬ ነው። አጣጥፋ፣ ዳር ዳሩን ወንበሩ ሥር ወትፋ አስተካክላዋለች።

ቀና ብላ «ያቺ የምታኮርፈው ናት አይደል የቀረችው?» አለችኝ። «አዎ፣ ቡቺ» አልኳት።

«በል፣ አታስበርዳት» ብላኝ ወደ ቤት ገባች።

ቸር ይግጠመን።